የልጅ መድኃኒት በትምህርት ሰዓት፦ ማን፣ መቼ፣ በምን ለክቶ ይስጥ?

ጎንደር ውስጥ ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት አያት መጡ። የልጅ ልጃቸው ጉሮሮውን ታሞ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ወስደውለት ነበር። አራት ቀን ሆኖት አልተሻለውም። ጠርሙሱን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ሩቡ እንኳ አልጎደለም። ላዩ ላይ «በየ8 ሰዓቱ» ተብሎ ተጽፏል።

«እማማ፣ በቀን ስንቴ ነው የሚወስደው?»

«8 ሰዓት ላይ ቲቸሯ ትሰጠዋለች። አንድም ቀን አልረሳችም፣ እግዜር ይስጣት።»

በቀን ሦስት ጊዜ መሰጠት የነበረበት መድኃኒት በቀን አንዴ፣ ከሰዓት 8 ላይ፣ አንዲት ደቂቃ ሳይዛነፍ ሲሰጥ ከርሟል። ጥፋቱ የእማማም የቲቸሯም አይደለም። እንዲያ አድርገን የጻፍነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ግን ለሚመጣው ወላጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ስደጋግም ስለምውል ልጻፈውና ይለቅልኝ ብዬ ነው።

## ከሁሉ በፊት፦ ዛሬ ይሂድ ወይስ ይቅር?

ትኩሳት ያለበት፣ የሚያስመልሰው ወይም ተቅማጥ የያዘው ልጅ ቤት ይዋል። ፓራሲታሞል አጠጥቶ ትኩሳቱን አብርዶ መላክ የትም አያደርስም። 5 ሰዓት ላይ ተመልሶ ይነሳል፣ እናንተም ከሥራ ትጠራላችሁ።

አዲስ የታዘዘ መድኃኒት የመጀመሪያው ልክ ቤት ውስጥ፣ ዓይናችሁ እያየ ይሰጥ። በተለይ የፔኒሲሊን ዘር የሆኑት፤ አሞክሳሲሊንም ከእነሱ አንዱ ነው። ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ፊቱ ወይም ከንፈሩ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ሁለተኛ አትስጡት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ይህ ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ፣ 60 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ቢፈጠር ማን ያየዋል?

## ደረጃ 1፦ መድኃኒቱን ከትምህርት ሰዓት አውጡት

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው። «ትምህርት ቤት ማን ይስጥልኝ?» ከማለታችሁ በፊት «መድኃኒቱ ትምህርት ቤት መሄዱ የግድ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ አይደለም።

1. በቀን 1 ጊዜ ከሆነ ቤት ይሰጥ። ዚንክ፣ የደም ማነስ አይረን፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል፣ ሁሉም ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ ናቸው።
2. በቀን 2 ጊዜ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። አለቀ።
3. በቀን 3 ጊዜ ከሆነ ሲነቃ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ሊተኛ ሲል። ለምሳሌ ጠዋት 12፡30፣ ከሰዓት 9፡30፣ ማታ 3፡30። ልዩነቱ ፍጹም እኩል አይደለም። ለአብዛኛው የልጅ አንቲባዮቲክ ግን ይበቃል። ለልጃችሁ መድኃኒት ይሆን እንደሆነ ፋርማሲስቱን አረጋግጡት፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።
4. በቀን 4 ጊዜ ከሆነ ገና ሐኪሙ ፊት እያላችሁ «ልጁ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነው የሚውለው፣ በቀን ሁለቴ የሚወሰድ ሌላ አለ?» በሉ። ለቁስል የሚታዘዘው ክሎክሳሲሊን ለምሳሌ በቀን 4 ጊዜ ነው፣ ያውም በባዶ ሆድ። ምትክ ከሌለ ብቻ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ልጁ በፈረቃ የሚማር ከሆነማ ግማሹ ቀን የእናንተ ነው፣ ሰዓቱን አሸጋሽጉት።

ትምህርት ቤት መሄዳቸው የማይቀር መድኃኒቶች አሉ። የአስም ፓፍ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ስኳርና መክሰስ፣ ከምሳ ጋር የግድ የሚወሰድ ነገር። ቀጥሎ ያለው ለእነዚህ ነው።

## ደረጃ 2፦ ሰዓቱን በቃል አጽፉት

1. «በየ8 ሰዓቱ» የሚል ጽሑፍ ይዛችሁ ከፋርማሲ አትውጡ። «በየ6 ሰዓቱ»ም እንዲሁ ነው፤ 6 ሰዓት ላይ ከምሳ ጋር ተሰጥቶ የቀረው ስንት ነው መሰላችሁ።
2. ስኪርቢቶውን ለፋርማሲስቱ ሰጥታችሁ «ጠዋት 12፡30፣ ከሰዓት 9፡30፣ ማታ 3፡30» አስብሉት። «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የሚሉት ቃላት አይቅሩ።
3. የፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ ካገኛችሁ እዚያው አስቀይሩት። በፈረንጅ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ማለት በእኛ ከሰዓት 8 ነው። ስልካችሁ በፈረንጅ የሚቆጥር ከሆነ አላርም ስትሞሉ 6 ሰዓቱን አስቡት።

ከደንቢያ ወይም ከመተማ ዘመድ ጥየቃ ደርሶ ወባ ይዞት የተመለሰ ልጅ ኮአርተም ሲታዘዝለትም ይኸው ወጥመድ አለ። ሁለተኛው ልክ የሚሰጠው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት *በኋላ* ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የጀመረ ልጅ ሁለተኛውን የሚወስደው ከሰዓት 11 ላይ ነው እንጂ 8 ላይ አይደለም። እንዲያውም ያን ዕለት ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?

## ደረጃ 3፦ መለኪያውን አስተካክሉ

«አንድ ማንኪያ» የሚባል መጠን የለም። ቤቴ ያሉትን የሻይ ማንኪያዎች በሲሪንጅ ውሃ እየሞላሁ ለክቻቸው አውቃለሁ። አንዷ 3 ሚሊ ሊትር አልሞላችም፣ ሌላዋ ከ6 አለፈች። ሁለቱም በአንድ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖሩት። የሾርባ ማንኪያ ደግሞ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። 5 የታዘዘለት ልጅ ሦስት እጥፍ ጠጣ ማለት ነው።

1. ፋርማሲ መርፌ የሌለው 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጠይቁ። ሁለት ግዙ፣ አንዱ ለቤት አንዱ ለትምህርት ቤት።
2. የሚሞላበት መስመር ላይ በማይለቅ ማርከር አስምሩ። ቲቸሯ ቁጥር ማንበብ አይጠበቅባትም፣ እስከ መስመሩ ትሙላ።
3. የጠርሙሱን ጥንካሬ በየጊዜው አንብቡ። የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊ ግራም ያለውም 250 ያለውም አለ። ጠርሙሱ አንድ ዓይነት ሊመስል ይችላል። ባለፈው 125 ወስዳችሁ ዛሬ «እሱ አልቋል፣ 250 አለ» ከተባላችሁ የሚጠጣው በግማሽ ይቀንሳል፤ 5 የነበረው 2.5 ይሆናል። የድሮው ልክ የተጻፈበት ወረቀት ትምህርት ቤት ካለ ቀድዳችሁ ጣሉትና አዲስ ጻፉ።
4. በዱቄት የመጣ ሽሮፕ የሚበጠበጠው ቤት ነው። መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጋችሁ ዱቄቱን አላቁት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ግማሽ ድረስ ጨምሩና በጥብጡ። አረፋው ሲወርድ እስከ መስመሩ ሙሉት፣ እንደገና በጥብጡ። የበጠበጣችሁበትን ቀን ጻፉበት። ስንት ቀን እንደሚቆይ ካርቶኑ ላይ አለ። ከዚያ በላይ ከቆየ ቢተርፍም ይደፋ።
5. ፍሪጅ የሚፈልግ ሽሮፕ፣ ለምሳሌ አሞክሳሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ያለው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መስኮት ዳር መዋል የለበትም። ትምህርት ቤቱ ፍሪጅ ከሌለው ደረጃ 1ን ተመልሳችሁ አንብቡ።
6. ግማሽ ኪኒን ከታዘዘ ቤት ቁረጡት። ትምህርት ቤት ዴስክ ላይ በማስመሪያ የተቆረጠ ኪኒን ግማሽ አይሆንም። ሽፋን ያለውን ወይም ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራውን ደግሞ ሳትጠይቁ አትቁረጡ፣ አትፍጩም።

መድኃኒት ወደ ሌላ ጠርሙስ አይገለበጥ። የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ አይገባም። ኪኒንም በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ አይላክ። ለትምህርት ቤት መከፈል ካለበት ፋርማሲው ስም የተለጠፈበት ሁለተኛ ብልቃጥ ያዘጋጅላችሁ።

## ደረጃ 4፦ ወረቀቱን ጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። እንዲህ ይመስላል፦

> ስም እስከ አያት፦ ______ ክፍልና ሴክሽን፦ 2ኛ ለ
> ክብደት፦ 20 ኪሎ
> መድኃኒት፦ (ጠርሙሱ ላይ እንዳለው፣ ከነጥንካሬው)
> ልክ፦ 5 ሚሊ ሊትር፣ ሲሪንጁ ላይ እስካለው መስመር
> ሰዓት፦ ቀን 6፡30፣ ምሳ በልቶ
> ከ ሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ
> የማይስማማው፦ ፔኒሲሊን
> ጠዋት ቤት የወሰደው፦ ፓራሲታሞል፣ 1 ሰዓት ላይ
> ስልክ፦ የእናት፣ የአባት፣ ሁለቱም ካላነሱ የሌላ ሰው
> ፊርማ

ከእነዚህ ሁሉ የምትዘነጋው «ጠዋት ቤት የወሰደው» የምትለው ናት። ብዙ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ልጁ «ራሴን አመመኝ» ሲል ይሰጠዋል። ጠዋት ቤት መውሰዱን ማን ነገራቸው? ፓራሲታሞል ቢያንስ 4 ሰዓት ሳያልፍ አይደገምም፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ልኩ በክብደት ነው፣ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። የጉንፋን ሽሮፕ ውስጥም ተደብቆ ስለሚገኝ ሁለቱን በአንድ ቀን ስትሰጡ ካርቶኑን አንብቡ። ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ ሳትደውሉ ከቢሮ ምንም ነገር አትስጡ። አስፕሪን ደግሞ ሐኪም ካላዘዘው በቀር ለልጅ ጨርሶ አይሰጥም።

ሕመሙን መጻፍ የማትፈልጉበት ምክንያት ሊኖራችሁ ይችላል። መብታችሁ ነው። መድኃኒቱን ለሚይዘው ሰው «ምን ምልክት ካየሽ ትደውይልኛለሽ» የሚለውን ግን ጻፉለት። ትምህርት ቤቱም ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ አይለጥፍ። ክፍል ውስጥ «የመድኃኒቱ ልጅ ና» ተብሎ የተጠራ ልጅ በማግስቱ መድኃኒቱን መሬት ይቀብረዋል።

## ደረጃ 5፦ ከእጅ ወደ እጅ አስረክቡ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ፣ እኔ ፋርማሲ የምሠራው ሰው፣ ቸኩዬ ሽሮፑን ከምሳ ዕቃው ጋር ቦርሳው ውስጥ ከትቼ ላክሁት። ማታ ጠርሙሱ ባዶውን መጣ። እንጆሪ እንጆሪ ይላል፤ በእረፍት ሰዓት በክዳኑ እየቀዳ ጓደኞቹን ጋብዟቸዋል። የቀረው ፍርፍሩ ላይ ፈሷል። ሰባት ቤት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንዷ እናት ልጇ ፔኒሲሊን አይስማማውም ስትለኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ደግነቱ የእሷ ልጅ «ሽታው አስጠላኝ» ብሎ አልቀመሰም።

1. በቦርሳ አትላኩ።
2. በኮንትራት ባጃጁ ሹፌር አትላኩ። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ግን ስድስት ልጅ ጭኗል።
3. ለዘበኛ አትተዉ።
4. ራሳችሁ ሄዳችሁ ለስም ጠሪዋ ወይም ለዩኒት ሊደሩ ስጡ። አንድ ሰው ብቻ ይያዝ፣ ያ ሰው ሲቀር የሚተካውም አብሮ ይታወቅ። «ቢሮ ሰጥቻለሁ» ማለት ለማንም አልሰጠሁም ማለት ነው።
5. አብራችሁ ቁጠሩ። ኪኒን ከሆነ ስንት፣ ሽሮፕ ከሆነ እስከ የት። ወረቀቱ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ።
6. የሚቀመጠው የሚቆለፍ ሳጥን ወይም ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ጠመኔና ዳስተር ያለበት መሳቢያ አይሆንም።

ትምህርት ቤቱ «እኛ መድኃኒት አንሰጥም» ካለ አትጣሉ። ብዙ ጊዜ ነርስ ስለሌላቸው ፈርተው ነው። ወረቀቱን አሳዩአቸው። እንቢ ካሉ ዘመድ በምሳ ሰዓት ሄዶ ይስጥ።

## ደረጃ 6፦ ለምትሰጠው ቲቸር

ይህን ክፍል ገልብጣችሁ ሳጥኑ ክዳን ላይ ለጥፉት።

1. እጅሽን ታጠቢ።
2. ልጁን ለብቻ ጥሪው። ስምህ ማን ነው፣ አባትህስ፣ አያትህስ? በይው። «አንተ ዳዊት ነህ አይደል?» ካልሽው ሁሉም ልጅ አዎ ይላል። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዳዊት አይጠፋም፤ የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ አጋጥሞኛል።
3. ወረቀቱንና ጠርሙሱን አስተያዪ። ስሙ፣ መድኃኒቱ፣ ልኩ፣ ሰዓቱ፣ ቀኑ ካልገጠመ አትስጪ፣ ደውዪ።
4. መድኃኒት ሲሰጥ የሚፈረምበትን ወረቀት እዪ። ዛሬ ሌላ ሰው ሰጥቶት እንዳይሆን።
5. «በልተሃል?» ብለሽ ጠይቂ፣ ወረቀቱ ምግብ የሚል ከሆነ።
6. ሽሮፑን በደንብ ናጪው። ያልተናጠ ሽሮፕ ላዩ ውሃ፣ ታቹ መድኃኒት ነው።
7. ሲሪንጁን ጉንጩ ውስጥ በጎን አስገብተሽ ቀስ ብለሽ ግፊ። ቀጥ አድርገሽ ወደ ጉሮሮ አትርጪ፣ ያንቀዋል። አፍንጫውን ይዘሽም አትጋቺው።
8. «ከረሜላ ነው» አትበዪ። ነገ ቤት ሳጥን ከፍቶ ከረሜላ ይፈልጋል።
9. ውሃ ስጪው፣ አፉን ከፍቶ ያሳይሽ።
10. አሁኑኑ ሰዓቱን ጽፈሽ ፈርሚ። «በኋላ እፈርማለሁ» ያሉት ነው ሁለት ጊዜ የሚሰጠው።

## ደረጃ 7፦ ነገር ሲበላሽ

ተረስቶ ሰዓቱ አለፈ። ካስታወሳችሁበት እስከሚቀጥለው ልክ ገና ብዙ ከቀረ ይሰጥ። ተቃርቦ ከሆነ የተረሳው ይቅር። ሁለቱን ባንዴ ደርቦ ማካካስ የለም። ለስኳርና ለሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን በግምት አትሥሩ፣ ለሚከታተለው ሐኪም ደውሉ።

አስመለሰው። ከዋጠ ስንት ደቂቃ እንደሆነው ጻፉ። ኪኒኑ ሳይሟሟ ወጥቷል ወይ? እነዚህን ሁለቱን ይዛችሁ ለፋርማሲ ወይም ለሐኪም ደውሉ። ሳትጠይቁ አትድገሙ።

ለሌላ ልጅ ተሰጠ፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተሰጠ። አትደብቁ። ማስታወክ እንዲመጣ ጣት አፉ ውስጥ አትክተቱ፣ ወተት ያረክሰዋል ብላችሁም አትጠብቁ። ለሁለቱም ወላጅ ደውሉ፣ ጠርሙሱን ያዙ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በተለይ ፓራሲታሞል በብዛት የጠጣ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጉበቱ የሚጎዳው በኋላ ነው። «ይኸው ይጫወታል» ተብሎ አይተውም።

እንቢ አለ። አንድ ጊዜ አባብሉት፣ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙ። ከዚያ በኋላ «አልወሰደም» ብላችሁ ጻፉና ደውሉ። ሻይ ወይም ወተት ውስጥ ደባልቃችሁ ከሰጣችሁ ግማሹ ብርጭቆው ላይ ይቀራል።

ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ይህ ነገር በየዓመቱ አለ። ልጁ ለወላጅ ሳይናገር ከእኩዮቹ ጋር እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። «ከምግብ ጋር» የተባለው መድኃኒት በባዶ ሆድ ይገባና ሆዱን ይቆርጠዋል። አይቡፕሮፌን እንዲህ ያደርጋል። የሙስሊም ልጆች በረመዳን እንደዚሁ። የታመመ እንደማይገደድ የንስሐ አባቱ ወይም ሼሁ ራሳቸው ይንገሩት። ከእናንተ ሲሰማው ልጁ ኃጢአት የገባ ይመስለዋል።

## ደረጃ 8፦ የማይቆለፉት

የሚቆለፍ ሳጥን ያልኩት ለእነዚህ አይሠራም። ቁልፉ ያላት ቲቸር በሌለችበት ቀን ነው የሚያስፈልጉት።

### የአስም ፓፍ

ሳልቡታሞል ፓፍ ልጁ አጠገብ ይሁን። ትልቅ ልጅ ኪሱ ውስጥ፣ ትንሽ ልጅ ከሆነ እሱ ያለበት ክፍል ቲቸር እጅ ላይ። ስፖርት ሜዳም አብሮ ይወጣል።

ፓፉን እንዲሁ አፍ ውስጥ ቢነፉት አብዛኛው ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፉ መሐል የሚገባ ባዶ ዕቃ፣ ያስፈልጋል። ውድ ከሆነ ወይም ከጠፋ ከግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይሠራል፦

1. ፕላስቲኩን በሳሙና እጠቡት፣ ሳትወለውሉ በአየር ይድረቅ።
2. መቀመጫው ላይ የፓፉን አፍ ቅርጽ አስምሩ። የጋለ ሽቦ ይዛችሁ በመስመሩ ቅደዱት። ፓፉ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። ከላላ በፕላስተር ዙሩት።
3. ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት ጥቂት ፓፍ ባዶውን ንፉበት፣ ግድግዳው መድኃኒቱን እንዳይስብ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አይተኛ። ፓፉን ናጡ፣ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ። የፕላስቲኩን አፍ በከንፈሩ ገጥሞ ይያዝ። አንዴ ብቻ ተጫኑ። አምስት ጊዜ ያህል በዝግታ ይተንፍስበት። ግማሽ ደቂቃ ቆዩና ሁለተኛውን። ሁለት ሦስቱን ባንዴ መጫን ትርፍ የለውም።

ለድንገተኛ ጊዜ ስንት ፓፍ እንደሆነ ሐኪሙ በቁጥር ይጻፍላችሁ። ካልጻፈ፣ የተለመደው የመጀመሪያ እርዳታ አንድ በአንድ 4 ፓፍ ሰጥቶ 4 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለው ሌላ 4 መስጠት ነው። አሁንም ካልተሻለው፣ ወይም ከመጀመሪያው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ የጎድን አጥንቶቹ መሐል ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ሆስፒታል ነው። 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። አዘዞ ያለ ትምህርት ቤትና ማራኪ ያለ ትምህርት ቤት ለሆስፒታል እኩል አይቀርቡም፤ አምቡላንሱ የሚዘገይ ከሆነ ባጃጅ አስቁሙና ፓፉን እየሰጣችሁ ሂዱ።

ፓፍ ሲያልቅም «ፍስስ» ማለቱን አይተውም። አንዱ ብዙውን ጊዜ 200 ልክ ነው የሚይዘው፤ ቁጥር ማሳያ ከሌለው ፕላስተር ለጥፋችሁ አስምሩበት።

### የስኳር ሕመም

ጠዋት ኢንሱሊን የተወጋ ልጅ 4 ሰዓት እረፍት ላይ መክሰስ መብላት አለበት፣ ምሳውም አይዘገይም። ክፍል ውስጥ ቢበላ አትቆጡት። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ድንገት ከተነጫነጨ ወይም ከፈዘዘ ስኳሩ ወርዷል ብላችሁ ያዙት። 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡ። 15 ደቂቃ ጠብቁ። ካልተሻለው ድገሙ። ሲሻለው ዳቦ ይብላ። ብቻውን ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ ቤቱ አትላኩት። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፣ በጎኑ አስተኝታችሁ ሆስፒታል ውሰዱት። «ስኳር ስላለበት ስኳር አይነካም» ብላ ውሃ ብቻ የሰጠች ቲቸር አውቃለሁ። ማንም አልነገራትም ነበር።

### የሚጥል በሽታ

ሲጥለው አፉን በማንኪያ ለመክፈት አትታገሉ። ክብሪት ማሽተት አይጠቅመውም። ውሃ አታፍስሱበት። ዴስኩን አርቁ፣ ራሱ ሥር ሹራብ አድርጉ፣ በጎኑ አዙሩት፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው 907። እስኪነቃ ድረስ ኪኒን አትስጡ።

ለወላጅ ደግሞ፣ ጠበል የምትወስዱት ከሆነ ውሰዱት። ኪኒኑን ግን በዚያ ሰበብ አታቋርጡ። ድንገት ሲቋረጥ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል።

## የኪኒን ዘመቻ ቀን

የሆድ ትላትልና የብልሃርዝያ መድኃኒት በትምህርት ቤት የሚሰጥበት ቀን ሲነገር ቁርስ አብሉት። የብልሃርዝያው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራልም። ያን ቀን ታሞ ከሆነ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ለጤና ባለሙያዋ በጽሑፍ ንገሩ። ትንንሽ ልጆች ተፈጭቶ በውሃ ይሰጣቸው። እያለቀሰ ያለ ልጅ በግድ እንዲውጥ አይደረግም፣ ትንታ የሚገድለው እንዲህ ሲሆን ነው።

## ዓርብ ማታ

የተረፈውን ራሳችሁ ሄዳችሁ ተረከቡ። ትምህርት ቤት አይክረም፣ ለታናሹም ለጎረቤትም አይሻገር። ከዚያ ቁጠሩ። ሰኞ 10 ኪኒን ሰጥታችሁ በቀን 1 ከነበረ ዛሬ 5 መቅረት አለበት። 6 ከቀረ አንድ ቀን ተረስቷል። 4 ከቀረ አንድ ቀን ሁለቴ ተሰጥቷል። በሁለቱም ከቲቸሯ ጋር የፊርማውን ወረቀት ዘርግታችሁ የትኛው ቀን እንደሆነ ሳታገኙ የሰኞውን አታስረክቡ።